ከጠመንጃው በፊት ሙግት ነበር፦ ስለ ጎጃሜ ተዋጊነት ለተለመደው አስተያየት የተሰጠ ምላሽ

ስለ ጎጃም ሲጻፍም ሲወራም አንድ ነገር ማስረጃ ሳይጠየቅበት ያልፋል፤ ጎጃሜ በተፈጥሮው ተዋጊ ነው፣ የኑሮውን ትርጉም የሚያገኘው በጠመንጃው ነው የሚል። ይህን ከሚሉት አንዱ ወገን ለማወደስ ይለዋል። በላይ ዘለቀን፣ የዳሞትን አርበኞች፣ የ1960ውን የገበሬ አመፅ ይጠራል። ሌላው ለመክሰስ ይለዋል። ሽፍትነትን፣ የደም ብቀላን፣ ለማዕከላዊ መንግሥት አለመገዛትን ይደረድራል። አወዳሹና ከሳሹ በሌላ ነገር ሁሉ ቢጣሉም በዚህ ይስማማሉ፤ የዚህ ሕዝብ ትግል ማለት ውጊያ ነው። ይህ ስምምነት ዛሬ ሰው እያስገደለ ስለሆነ በዝምታ የሚታለፍ አይመስለኝም።

አስተያየቱ ምሁራዊ መሠረት የለውም አልልም። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን ስለ አማራው ባህል ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በተለይም በዓመቱ ስለ ወንድነት ባወጣው ጥናት፣ በዚህ ባህል ወንድነት ከሁሉ በፊት ጠላትን ደፍሮ መግጠምና መከራን መቻል እንደሆነ አስረድቷል። ሌቪን የመስክ ጥናቱን ያደረገው ጎጃም ሳይሆን ሸዋ ውስጥ፣ መንዝ ነው፤ ያየውንም በጥንቃቄ ጽፏል። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን ጥንቃቄውን ጥለው ድምዳሜውን ብቻ ተሸክመው ሄዱ። በዚህ ላይ ከአውሮፓ ፍልስፍና የተቀዳው ተጨመረበት። ሄራክሊተስ ጦርነትን የነገር ሁሉ ምንጭ አደረገው፤ ሄግል የሰው ልጅ ራሱን የሚያውቀው ከሌላው ጋር እስከ ሞት ተፋልሞ ነው የሚል ታሪክ ጻፈ፤ ዳርዊንን ያለ አግባቡ ያነበቡት ደግሞ ሕይወትን በሙሉ የብርቱና የደካማ ትንቅንቅ አደረጓት። የእኛ አገር ተማሪ እነዚህን ሁሉ ከ1960ዎቹ ወዲህ በአንድ ላይ ጠጣቸው። ትግል የሚለው ቃል በአንድ ትውልድ አፍ ላይ መተኮስን ብቻ እንዲያስታውስ የሆነውም ያኔ ነው።

የእኔ መልስ ይህ ነው። ትግል በሰው ሕይወት ውስጥ ያለውን ቦታ አላሳንስም፤ በምዕራብ ጎጃም ገጠርም ጠብ ሞልቶ ነበር። የዚያ ጠብ ዋናው መልክ ግን ሙግት ነው። በሙግት ውስጥ ባላጋራ መልስ መስጠት የሚችል፣ መልሱም የሚሰማለት ሰው ነው። ቢያሸንፍም ቢሸነፍም በማግስቱ ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የአንድ ደብር ሰው ሆኖ ይቀጥላል። ጠመንጃ የሚነሣው ይህ በር ሲዘጋ ነው፤ ያን ጊዜም የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በሩን ለማስከፈት ነው። ጠመንጃውን ብቻ እያየ የጎጃምን የትግል ታሪክ የሚጽፍ ሰው የነገሩን መጨረሻ እንጂ ነገሩን አላየም።

ለዚህ ከደጋ ዳሞት የተሻለ ምስክር የሚሆን ቦታ አላውቅም። የወረዳው ከተማ ፈረስ ቤት ናት። ከፍኖተ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ጮቄ ተራሮች አቅጣጫ የምትገኝ የደጋ ከተማ ስትሆን ዙሪያዋ ገብስና ድንች የሚበቅልበት አገር ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1950ዎቹ እዚህ ወረዳ ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጥንቷል፤ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ ያጠናው ሥርዓት በአዋጅ ፈረሰ። መጽሐፉ ዛሬ የሚጠቀሰው ስለ መሬት ይዞታ ለሚጽፉ ሰዎች ጥቅም ነው። ስለ ትግል ምንነት የሚጽፉ ሰዎች ሲጠቅሱት አላየሁም። ያሳዝነኛል፤ ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚታገል ከዚያ ይልቅ በቅርብ የተመለከተ ጥናት በአገራችን ላይ ጥቂት ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ርስት ማለት አንድ ገበሬ አጥር አጥሮ የያዘው ማሳ ብቻ አልነበረም። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አቅኚ አባት የሚወለድ ሁሉ፣ በወንድ በኩልም ይሁን በሴት በኩል፣ ከዚያ መሬት ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው። ስለዚህ አንድ ሰው በአባቱ አባት፣ በአባቱ እናት፣ በእናቱ አባት፣ በእናቱ እናት እያለ በብዙ አጥቢያዎች ባለ መብት ነው። ሴትም ከወንድሟ እኩል ትጠይቃለች፤ ባልም በሚስቱ ስም ይሟገታል። ማንም ሰው ሊጠይቀው የሚችለው መሬት በእጁ ካለው እጅግ ይበልጣል፤ ማንም በእጁ ያለውን መሬት ደግሞ ሌሎች ብዙዎች ሊጠይቁት ይችላሉ። መሬቱ አይጨምርም፣ ጠያቂው ይጨምራል። እዚህ ላይ ማንም የአውሮፓ ፈላስፋ ቢጠየቅ ደም እንደ ውኃ ይፈስሳል ብሎ ይመልስ ነበር።

አንዳንዴ ፈስሷል። ሥርዓቱ የሚሠራው ግን በሌላ መንገድ ነው። ለምሳሌ አንድ የደጋ ዳሞት ገበሬ የእናቱን ወገን ርስት ለመጠየቅ ተነሣ እንበል። መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሽማግሌና ወደ ደብተራ ነው፤ የትውልድ ሐረግ የሚያውቁ እነሱ ናቸውና። ከእናቱ ተነሥቶ ወደ ላይ፣ አንድም ስም ሳይዘል፣ የወገኑ መነሻ እስከሆነው ምንዝር አባቱ፣ ከዚያም እስከ አቅኚው አባት ድረስ መቁጠር አለበት። ከዚያ ወደ ወገኑ ፈጅ ይሄዳል። ፈጅ በክፍፍል ጊዜ ስለ ወገኑ ሆኖ የሚቆም ሰው ነው። ፈጁም ነገሩን ያራዝምበታል፤ አዝመራው ይግባ፣ ፋሲካው ይለፍ፣ እገሌ ከመንገድ ይመለስ ይለዋል። ሰውየው ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌው ካልሆነለት ወደ አጥቢያ ዳኛ ይከሳል። ምስክር ይቆጥራል፣ ምስክር ያሰማል፣ ባላጋራው ምስክሩን ይነቅፋል። መሐላ ይመጣል፤ በደብሩ ደጃፍ በታቦቱ ስም የሚደረግ መሐላ ቀልድ አይደለም። ከተረታ ይግባኝ ብሎ ስንቁን ቋጥሮ በእግሩ የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ ከተማ ወደ ነበረችው ፍኖተ ሰላም ይወርዳል። ከዚያም ደብረ ማርቆስ አለ፤ ከዚያም አዲስ አበባ፣ እስከ ዙፋን ችሎት። በልጅነቱ የተጀመረ ክርክር ሽበቱ ሲወጣ የሚያልቅለት ሰው ነበር፤ ለልጁ ያወረሰውም ነበር።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱን ነጥብ ዐይንን ተክሎ ማየት ያስፈልጋል። ጠያቂው መብቱን የሚያስረዳው የትውልድ ሐረጉን በመቁጠር ነው። ያ ሐረግ ግን የባላጋራውም ሐረግ ነው። የእናቱን ወገን ሲቆጥር አራተኛው ወይም አምስተኛው ትውልድ ላይ ሲደርስ የሚጠራው ስም የተከሳሹም ቅድመ አያት ስም ነው። መሬቱን ለማግኘት በዳኛው ፊት፣ በአገር ሰው ፊት፣ «እኔና ይህ ሰው ያንድ አባት ልጆች ነን» ብሎ ማስረዳት አለበት። ተከሳሹም ዘመዴ አይደለህም ብሎ ይክደዋል፤ ያን ጊዜ የክርክሩ ጭብጥ ዝምድና ይሆናል። እንግዲህ በደጋ ዳሞት ሁለት ሰዎች አምርረው የሚጣሉበት ነገር ወንድማማችነታቸው ነው፤ ያሸነፈ ከሳሽም ያሸነፈው ባላጋራውን ዘመዱ አድርጎ ነው። ይህን ትግል ሄግል አልጻፈውም። በሄግል ታሪክ ሁለቱ ተፋላሚዎች ከየት እንደመጡ አይታወቅም፤ እናት የላቸውም፣ አያት የላቸውም፣ ሜዳ ላይ ድንገት ይገናኛሉ። የፈረስ ቤት ተሟጋች ግን ከባላጋራው ጋር የሚገናኘው በመቃብር ካሉት አባቶቻቸው በኩል ነው። ገድሎት ምን ያገኛል? መሬቱን የሚጠይቁ የሟች ልጆች፣ ወንድሞች፣ የእኅት ልጆች አሉ። ያውም ከደም ጋር ይጠይቁታል።

ክርክሩ እየተካሄደ ኑሮው አይቆምም። ከሳሽ አንድ በሬ ብቻ ቢኖረው፣ ተከሳሹም አንድ ብቻ ቢኖረው፣ ወቅቱ ሲደርስ መቀናጆ ሊሆኑ ይችላሉ። ጠዋት በአንድ ቀንበር አርሰው ከሰዓት በኋላ ዳኛ ፊት ይቆማሉ። አረሙ በወንፈል ይታረማል፤ የአንዱ ቤት ሲታነጽ ሌላው በደቦ ይጠራል። በአንድ ሰንበቴ ይበላሉ። ዳኛው ፊት ሲቆሙ ደግሞ የለበሱትን አጣፍተው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በዱላ እያመለከቱ፣ በነገር እየተወጋጉ ነው። የጥንቱ ችሎት እሰጥ አገባው፣ ውርርዱ፣ ተጠየቁ ራሱን የቻለ ጥበብ ነበር። ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ዋሸራን በመሰሉ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያቀርባል፤ እነሱም ይነቅፉበታል። ከዚያ ጉባኤ የወጣ ደብተራ የትውልድ ሐረግ አዋቂ ሆኖ ከተሟጋቹ ጎን ሲቆም ሁለቱ ትምህርቶች እንዴት እንደሚገናኙ ይታያል። በሁለቱም ቦታ ሰው የሚፈተነው መልስ ባለው ሰው ፊት ነው።

የማኅበረሰብ ሳይንስ ይህን ጨርሶ አላጣውም። ጌዎርግ ዚመል ከመቶ ዓመት በፊት ጠብ ራሱ የግንኙነት ዓይነት ነው፣ ግንኙነትን የሚያፈርሰው ቸልታ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ማክስ ግሉክማን እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው መጽሐፍ የአፍሪካ ማኅበረሰቦች ጠብ ሰዎችን በአንድ በኩል ሲለያያቸው በሌላ በኩል እንደሚያስተሳስራቸው አሳይቷል። ግሉክማን ግን ነገሩን በጣም አለሰለሰው፤ ማንበቡን ስትጨርሱ የተጎዳ ሰው ያለ አይመስላችሁም። እዚህ ላይ ከእሱ ጋር አልሄድም።

ምክንያቱም የደጋ ዳሞት ሙግት ብዙ ሰው ጎድቷል። ሆበን ራሱ በግልጽ እንዳሳየው መሬት የሚሰበስበው ሹመት ያለው፣ ወዳጅ ያፈራ፣ ዳኛውን የሚያውቅ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበር። ደካማው ጠያቂ እውነት ይዞ ይረታል። ባሏ የሞተባት ሴት መብቷ በሕግ ከወንዱ እኩል ቢሆንም ልጇ እስኪያድግ ድርሻዋን ሌላ ያርሰዋል። ለዳኛ፣ ለጸሐፊ፣ ለምስክር ስንቅ እየተባለ በሬው የተሸጠበት ሰው ነበር። የማይከራከሩት ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ነበሩ፤ ርስት የማይቆጠርላቸው ነበሩና የችሎቱ በራፍ ላይ እንኳ አልደረሱም። ስለ ወንድሞች ሙግት ሳወራ ይህን አልረሳም፤ ወንድም ተብለው ያልተቆጠሩት ስንት እንደነበሩ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ተቃዋሚዎቼ እዚህ ላይ ይይዙኛል። «ሙግት የምትለው የጉልበተኛው መሣሪያ ከሆነ ከጠመንጃ በምን ይለያል?» ይላሉ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ መልሱም እዚያው ሆበን ያጠናው አገር ውስጥ አለ። በሙግት የገነነ ሰው ሲሞት መሬቱ ለልጆቹ፣ ለወንድም ለሴቱ፣ ይበተናል፤ የተረቱት ወገኖች ልጆች ደግሞ ሐረጋቸውን ቆጥረው ይመለሳሉ። ስለዚህ በደጋ ዳሞት ታላቅ ሰው ይነሣል፣ ታላቅ ቤት ግን ብዙ ትውልድ አይቆይም። የተረታ አልጠፋም፤ ሐረጉ አለ፣ ምስክር አለ፣ ይግባኝ አለ፣ ልጅ አለ። በጠመንጃ የተረታ ግን ምን ቀረው? ሁለቱን አንድ ማድረግ የሚችለው ማግስቱን የማይቆጥር ሰው ብቻ ነው።

ደምም ቢሆን ወደ ንግግር የሚመለስበት መንገድ ነበረው። በብዙ የአማራ አካባቢዎች ነፍስ የጠፋ እንደሆነ ገዳዩ ይሸሻል፣ የሟች ወገን ደም ለመመለስ ያደባል፣ ሽማግሌዎችና ካህናት ግን በመካከል መመላለስ ይጀምራሉ። የሟች ቤተሰብ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ እንቢ ይላል፤ እንቢ ማለቱ የሟች ክብር ነው። በመጨረሻ ገዳዩ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ መስቀል ከያዙ ካህናት ኋላ ይመጣና እግራቸው ላይ ይወድቃል። ካሳ ይቆረጣል፣ ይማማላሉ፣ አብረው ይበላሉ። ይህን ሥርዓት ያበጀ ሕዝብ መግደልን የሕይወት ፍሬ ነገር አድርጎ ይቆጥራል ማለት አይቻልም። መግደል እንዳለ ያውቃል፤ ከመግደል በኋላ እንዴት አብሮ እንደሚኖር አስቦበታል።

ወደ አወዳሾቹ ማስረጃ ልምጣ። አርበኝነቱ እውነት ነው። በ1930 ዓ.ም. ጣሊያን የጎጃምን ሰው መሣሪያ ማስፈታት በጀመረ ጊዜ አገሩ ተነሣ፤ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ልጅ ኃይሉ በለው፣ በላይ ዘለቀ በየወገናቸው አምስቱ ዓመት እስኪያልቅ ተዋጉ። ቡሬና ደንበጫ በ1933 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ከመጨረሻዎቹ ውጊያዎች አንዳንዶቹ የተደረጉባቸው ቦታዎች ናቸው። ስለዚያ ተጋድሎ ያለኝ ክብር ከማንም አያንስም። ግን ታሪኩን ሙሉውን እንይ። እነዚህ አርበኞች እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ ሰዎች ነበሩ። መንገሻና ነጋሽ ስለ ግዛትና ስለ ቀዳሚነት የከረመ ቅሬታ ነበራቸው። ጣሊያንን ከጎጃም ለማስወጣት የሚደረገው ዝግጅት መልክ የያዘው በ1933 መግቢያ ላይ፣ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከገቡ ብዙም ሳይቆይ፣ ሁለቱ አለቆች ለመተባበር ከተስማሙ በኋላ ነው። በተኩሱ ታሪክ ውስጥ ይህ ስምምነት አንድ መስመር ብቻ ያገኛል። እኔ ብጽፈው ምዕራፍ እሰጠው ነበር። ነጻነት ከመጣ በኋላ ደግሞ በላይ ዘለቀ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ጎጃም ዛሬም ድረስ ይህን የሚያነሣው በቁጭት ነው። ቁጭቱን ካዳመጣችሁት የጀግና ሞት ብቻ አይደለም የሚያንገበግበው፤ ለአገሩ የደማ ሰው አገሩ ተቀምጣ አልመከረችበትም፣ ሽምግልና አልደረሰለትም የሚል ነው።

የ1960ው አመፅም እንደዚሁ። ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው የገበሬ አመፆች ጥናቱ ከትግራዩ ወያነና ከባሌው አመፅ ጋር አድርጎ መርምሮታል፤ ርስታቸውን ለመጠበቅ የተነሡ ገበሬዎች አመፅ እንደነበረም አሳይቷል። ነገሩ የጀመረው በኅዳር 1960 በወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ነው። በጎጃም መሬቱ አልተለካም ነበር፤ ግብሩም ከጥንት ልማድ ጋር የተያያዘ ነበር። አዲሱ አዋጅ ግን ገማች መጥቶ የእያንዳንዱን ገበሬ አዝመራ እንዲገምት ያዛል። ገበሬው ይህን ያየው የርስት መጨረሻ መጀመሪያ አድርጎ ነው። ዛሬ አዝመራ የገመተ ነገ መሬቱን በቀላድ ይለካል፣ ከነገ ወዲያ ይነጥቃል። በዚያ ላይ በጠቅላይ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ዘመን የጠመንጃ ምዝገባውና መዋጮው ሰውን አስመርሮት ነበር። ሞጣና ደጋ ዳሞት በአመፁ ከሚጠቀሱት አካባቢዎች መካከል ናቸው።

ከመተኮሳቸው በፊት ምን አደረጉ? አቤት አሉ። ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ አዲስ አበባ መልእክተኛ ላኩ፤ አባቶቻቸው ወደ ዙፋን ችሎት እንደሄዱት ሄዱ። ጠመንጃው የተነሣው አቤቱታው መልስ ሲያጣ፣ ገማቹም በፖሊስ ታጅቦ ሲመጣ ነው። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም መንደር ደበደበ። ገበሬው አልተበተነም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ ግብሩም ቀረ። አመፀኞቹ ወደ አዲስ አበባ አልዘመቱም፣ ዙፋኑንም አልጠየቁም፤ የጠየቁት ሲመለስላቸው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ይህን ባሕርይ አንዳንድ የግራ ጸሐፊዎች የንቃተ ኅሊና ጉድለት አድርገው ተችተውታል። ለእኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ይግባኝ ያለ ሰው ነው፤ ፍርዱ ሲሰጠው ከችሎት ይወጣል። ሐዲስ ዓለማየሁም ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ባሳተሙ ጊዜ አበጀ በለውንና ገበሬዎቹን ያሳዩን በዚሁ መልክ ነው፤ ከልማድ በላይ የተጠየቁትን አንሰጥም ብለው የሚነሡ፣ የልማዱን ድንበር የሚያስከብሩ ሰዎች ናቸው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ርስት አበቃ። ርስት ላልነበረው ሸማኔ ይህ ትልቅ ፍትሕ ነበር፤ አላሳንሰውም። ነገር ግን የትውልድ ሐረግ ቆጥሮ መጠየቅ ሲቀር መጠየቂያ የሚሆን ሌላ ነገር በቦታው አልተተካም። መሬት የሚሰጠውም የሚነሣውም የገበሬ ማኅበሩ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተደረገው የመሬት ሽግሽግ ይህን ወለል አድርጎ አሳየ። በደርግ ዘመን በቀበሌ ገበሬ ማኅበር ያገለገለው «ቢሮክራሲ»፣ የቀድሞው ባለርስት «ፊውዳል» ተባለና ከአንድ ሄክታር፣ ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይቀርለት ተወሰነ። ሌላው ገበሬ እስከ ሦስት ሄክታር ይይዛል። ስሙ የተሰጠው በስብሰባ ነው፤ ስም ለተሰጠው ሰው መልስ የሚሰማለት ችሎት አልነበረም። ከጎጃም ጭምር ገበሬዎች ወደ አዲስ አበባ ተጉዘው አቤት አሉ። እንደገና አቤት! አያቶቻቸው በሄዱበት መንገድ ሄዱ እንጂ፣ በዚህ ትውልድ አቤት የሚባለው ለማን እንደሆነ እንኳ ግልጽ አልነበረም።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነገሩን በተወሰነ ደረጃ አስተካክሏል። በደብተሩ ላይ አዋሳኞች ይጻፋሉ፤ ድንበሩ ሲለይ ጎረቤት ቆሞ ያያል፣ ይቃወማል፣ ይስማማል። የመሬት ጉዳይ በገጠር ወረዳ ፍርድ ቤቶች መዝገብ ላይ ብዙ ቦታ ይዞ መቀጠሉን ብዙ ባለ ሥልጣን እንደ በሽታ ይቆጥረዋል። «ገበሬው ክርክር ይወዳል» ይሉታል። መውደዱ ይቅርና፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ቀጠሮ የሚጠብቅ ገበሬ ሊያሸንፍ ያሰበውን ሰው ሳይገድል የመጣ ሰው ነው። ያንን ሰው በቀጠሮ ብዛት ማመላለስ፣ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ በሚመስል የሕግ አማርኛ ማደናገር ምን ላይ እንደሚያደርሰው ማሰብ ያስፈልጋል።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ከሰማይ ተመታች፤ ከሃያ በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል በምዕራብ ጎጃም የቀጠለው ጦርነት ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፣ መንገድን ዘግቷል፣ ችሎቶችን አቋርጧል። የዚህን ጦርነት መንሥኤ እዚህ ልዘረዝር አልነሣሁም። ነገር ግን ጎጃሜ ተዋጊ ነው የሚለው አባባል በዚህ ጦርነት ውስጥ ሥራ እየሠራ ስለሆነ ልናገር። አንዱ ወገን ወጣቱን ሲመለምል ደምህ ነው ይለዋል። ሌላው ወገን መንደሩ ሲመታ ተዋጊ ሕዝብ ነውና ከሌላ ቋንቋ አይሰማም የሚል ሰበብ ያቀርባል። ሁለቱም ያው አንድ የተሳሳተ ታሪክ ይጠቅሳሉ። የዚህ አገር ሰው ሌላ ቋንቋ ነበረው፤ ከየትኛውም ሌላ ነገር ይልቅ የሚያውቀው ቋንቋ ያ ነው። የሞቱትን ከሃያ በላይ ሰዎችና ከዚያ ወዲህ በየቀበሌው የወደቁትን የገደለ አስተሳሰብ ከዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ መጀመሩ ለምሁራን ቀላል ነገር ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቼን የምጠይቀው ግልጽ ነው። የጎጃምን የትግል ታሪክ የምታጠኑ ሁሉ፣ የውጊያዎቹን ዝርዝር ከያዛችሁ በኋላ የክርክር መዝገቦቹንም ፈልጉ፤ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በየወረዳው ፍርድ ቤት የተረፈውን፣ በየቤቱ በሣጥን የተቀመጠውን የውሳኔ ግልባጭ ሰብስቡ። በ1967 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ሰባውን አልፏል። አባቱ ሐረግ ሲቆጥር ቆሞ የሰማ፣ ለይግባኝ ሲሄድ ስንቅ የተሸከመለት፣ ከረታው ሰው ጋር በነጋታው ሲያርስ ያየ እሱ ነው። በደጋ ዳሞት እንደዚህ ያሉ ሽማግሌዎች አሁንም አሉ። ጊዜው ሲፈቅድ ዛሬ ነገ ሳይባል ወደ እነሱ መሄድ ያስፈልጋል፤ ሲኬድም የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ተኮሰ የሚል አይሁን፣ ከማን ጋር ተሟገታችሁ፣ እንዴትስ አለቀ የሚል ይሁን።